በሰው መኪና ስለት

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁና እናንተው ፍረዱኝ። ሰው ስለት ሲሳል በምኑ ነው የሚሳለው? በገዛ በጉ፣ በገዛ ሻማው፣ በገዛ ጃንጥላው አይደለም እንዴ? «ገብርኤል ሆይ፣ ይህን ካደረግህልኝ የጎረቤቴን በሬ ይዤልህ እመጣለሁ» ያለ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም በዚህ ዕድሜዬ አልሰማሁም ነበር። ሐረር፣ ፈላና በር አጠገብ፣ በገዛ ግቢዬ፣ በገዛ መኪናዬ እስኪደረግ ድረስ አልሰማሁም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

መኪናዋ የአባቴ ናት። ያቺ ከኋላዋ ረዘም ያለችው፣ ሰውም በግም ጤፍም አንድ ላይ የምትጭነው ስቴሽን ዋገን ፔጆ። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ ሹፌር ነበር፤ በዓመት ሁለቴ፣ ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝና ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ሲደርስ ግን ሥራውን ሁሉ እርግፍ አድርጎ ይተውና የሰፈሩን አሮጊትና ሽማግሌ ጠቅጥቆ ቁልቢ ገብርኤል ያደርስ ነበር። ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። መኪናዋም ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ግቢያችን ካለው ዘይቱን ሥር ቆማ ቀረች።

ቆማ ቀረች ስላችሁ ሥራ ፈታች ማለቴ አይደለም። ኮፋኖዋ ላይ ባለቤቴ ሰናይት በርበሬ ታሰጣለች። ጣሪያዋ ላይ ፍራሽ ይናፈሳል። የኋላው ክፍል የዶሮ ቤት ነው። እኔ ግን የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ጠዋት ደብተሬን ይዤ ስወጣ፣ ማታ ስመለስ፣ በአጠገቧ ሳልፍ ዞር ብዬ አላያትም። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አይደል የሚባለው? መስከረም በጠባ በሁለተኛው ሳምንት እማዬ በረንዳው ላይ ቁጭ እንዳለች፣ ለጉልበቷ ቅባት እየተቀባች፣ «ዘንድሮ ቁልቢ እሄዳለሁ» አለች።

ደስ አለኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ረግጣው አታውቅም። «ጥሩ ነዋ! ሚኒባስ እይዝልሻለሁ» አልኳት።

«ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቴ አይታጠፍም። በአባትህ መኪና ነው የምሄደው። የሷ የፊት ወንበር ነው እግሬን ዘርግቼ የሚያስቀምጠኝ።»

«እማዬ፣ እሷ እኮ ሞታለች።»

«ቀብረሃታል?»

«አልቀበርኳትም።»

«እንግዲያው ምን ታወራለህ» ብላ ቅባቷን ከደነች። እማዬ ነገር ስትጨርስ ክዳን ትከድናለች፤ የቅባት ይሁን የድስት፣ እጇ ላይ የተገኘውን።

እኔ ያኔ «አይሆንም» ብል ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ። ግን ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ስልኬ ላይ አንድ ፈረንጅ አሮጌ መኪና በአሥራ ሁለት ደቂቃ ውስጥ አዲስ ሲያደርግ አይቻለሁ። ፍቆ፣ ቀብቶ፣ አስነስቶ፣ ሚስቱን አሳፍሮ ሄደ። በአሥራ ሁለት ደቂቃ! ጋራዥ ልውሰዳት እንዳልል አትንቀሳቀስም። እዚሁ ግቢዬ፣ በትርፍ ሰዓቴ፣ በገዛ እጄ አድሳታለሁ ብዬ ቆረጥኩ። የዝናብ መጠን ለተማሪ ማስረዳትና ዝገት መፋቅ አንድ መስሎኝ ነበር። አይደለም።

የመጀመሪያው ቀን ብርጭቆ ወረቀቴን ይዤ፣ ቱታዬን ለብሼ ወጣሁ። የኋላውን በር ስከፍት ዶሮዋ አፈጠጠችብኝ። ታቅፋለች።

«እንዳትነካት!» አለች ሰናይት ከወጥ ቤት።

«መኪናዋን ልሠራ ነው።»

«ጫጩቶቹ ይፈልፈሉና ትሠራለህ። ነፍስ እኮ ነው።»

እንግዲህ ያ ፈረንጅ ዶሮ አልነበረችውም። ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። የጂኦግራፊ መምህር ቱታ ለብሶ ዶሮ አዋለደ። ሰፈሩም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ ስለ መኪናዋ መሆኑ ቀርቶ «ተፈለፈሉ?» ሆነ።

ከተፈለፈሉ በኋላ ሙሜ መጣ። ሙሜ ባትላሜራ ነው፤ የተጨረመተ ቆርቆሮ ቀጥቅጦ የሚያቃና፣ የተበላውን የሚበይድ፣ ቀለምም የሚቀባ፣ ጀጎል ውስጥ ተወልዶ ያደገ፣ እጁ ወርቅ የሆነ ሰው። የእጁን አልክድም። አፉ ግን ሁለት ቃል ብቻ ነው የሚያውቀው። አንደኛው «አብሽር» ነው። በሩ ተገንጥሎ እጄ ላይ ሲቀር፣ «አብሽር»። ወለሉ ተበልቶ መሬቱ ሲታይ፣ «አብሽር፣ ንፋስ ያስገባልሃል»። ሁለተኛው ቃሉ «ሐሙስ፣ ኢንሻአላህ» ነው። የትኛው ሐሙስ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም፤ እሱም ነግሮኝ አያውቅም።

ሙሜ ጠዋት ሲሠራ እግዜር ያሳያችሁ! ያን የታጠፈ ቆርቆሮ በመዶሻ ኳ ኳ እያደረገ ሲያቃናው ብታዩ አፋችሁን ትይዛላችሁ። ቀትር ሲሆን መዶሻው ቁጭ ይላል። ከቀትር በኋላ ሐረር ውስጥ ምን እንደሚሆን ለሐረር ሰው አይነገርም፤ ለሌላው ልንገር፤ ጫት ይቃማል። ይቃም! ማን ከለከለ? ግን የት ይቃማል? የኋላ ወንበሯ ወጥቶ የሰፋችው የኔ መኪና ውስጥ! ምንጣፍ ተነጠፈ። ትራስ መጣ። የሻይ ፔርሙስ መጣ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን ጋሽ ወርቁ መጡ።

ጋሽ ወርቁ ጡረታ የወጡ መቶ አለቃ ናቸው። ጫት አይቅሙም፤ ሲጋራ ያጨሳሉ። አንዱን በአንዱ ነው የሚለኩሱት። ከአርባ ዓመት በላይ እንዲህ ሲያጨሱ ኖረው ሳንባቸው እስካሁን የት እንዳለ አይገባኝም። እንግዲህ ሁለቱ ውስጥ ጋደም ብለው ይጫወታሉ፤ እኔ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ፣ ውሃ እያጠቀስኩ በብርጭቆ ወረቀት እፍቃለሁ። ከውስጥ ቆርቆሮውን ኳ ኳ ያደርጉና፣ «እዚህ ጋ ቀረህ!» ይሉኛል ጋሽ ወርቁ። በገዛ መኪናዬ! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የተባለው ለኔ ነው።

እና አንድ ቀን፣ እንዲሁ በጨዋታ መሃል፣ ጋሽ ወርቁ ጢሳቸውን በመስኮት ወደ ፊቴ ለቀቁና ምን አሉ?

«ስማ አንተ መምህር። ይቺ መኪና በራሷ ጉልበት ከዚህ ግቢ ከወጣች ሲጋራ አቆማለሁ። ቁልቢ ገብርኤል ምስክሬ ነው!»

ሙሜ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሰናይት ከወጥ ቤት ሳቀች። እማዬ ብቻ አልሳቀችም፤ «ወርቁ፣ ገብርኤል አይቀለድበትም» አለቻቸው። እሳቸውም ሳቅ ብለው አዲስ ሲጋራ ለኮሱ። ይሄ የመጀመሪያው ስለት መሆኑ ነው። ያኔ አልገባኝም።

ጥቅምት በመፋቅ አለቀ። ስቱኮ ይለጠፋል፣ ይደርቃል፣ ይፋቃል፣ ደግሞ ይለጠፋል። ጣቶቼ ላይ አሻራ የሚባል ነገር ጠፋ። ባንክ ሄጄ ጣቴን ማሽኑ ላይ ባስቀምጥ ማሽኑ «ይሄ ሰው የለም» አለ። እውነቴን ነው! በኅዳር መጀመሪያ ግን ተለስልሳ አማረች፤ የቀረው ቀለም ነው። ቀለሙም የአባቴ ቀለም ነው፤ ክሬም። በዚህ ላይ መላው ፈላና በር አስተያየት ሰጥቷል። ቲማቲም የምትሸጠዋ ሴትዮ እንኳ «አረንጓዴ ብታደርጋት ለዓይን ትቀዘቅዛለች» ብላኛለች። ቲማቲም ትሽጥ ይሆን ቀለም እንጃ።

ሙሜ ኮምፕሬሰር ተከራይቶ መጣ። ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከፊት ጀመረ። ኮፋኖው፣ የቀኝ ጎን፣ ጣሪያው እስከ ግማሽ… መብራት ሄደ። ጠበቅን። ሻይ ጠጣን። ጠበቅን። በማግሥቱም አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ጎረቤት ሁሉ መብራት አለው፤ የኛ መስመር ብቻ ነው የተበላሸው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ መኪናዋ በቀኝ ስትታይ ሙሽራ፣ በግራ ስትታይ ሬሳ ሆና ቆመች። በአሥረኛው ቀን ሙሜ «አብሽር» አለና ከቤቱ የፍሊት መርጫ ይዞ መጣ። ያ ድሮ ለዝንብና ለቢምቢ የሚነፋው፣ በእጅ የሚገፋው። በሱ ግራውን በር ቀባነው። ሲደርቅ በሩ ጅግራ መሰለ። ነጠብጣብ በነጠብጣብ! እማዬ ከበረንዳው ሆና ረጅም ጊዜ አየችውና «አባትህ ይሄን ባያይ ይሻላል» አለች። ፋቅሁት።

መብራት ሲመጣ ደግሞ እንደገና። ጠዋት፣ ንፋስ የለም፣ ሰማዩ ንጹሕ ነው፣ ሙሜ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ ቀባት። እናንተዬ፣ እንዴት አማረች! የአባቴ መኪና ተመልሳ መጣች። እንባዬ እንዳይታይ ውሃ ልጠጣ ብዬ ወደ ቤት ገባሁ።

አንድ ብርጭቆ ውሃ ነው የጠጣሁት። አንድ!

ሰናይት ኮፋኖውን ከቀማኋት ወዲህ በርበሬዋን የምታሰጣበት አጥታ ሁለት ወር በልቧ ይዛልኝ ኖራለች። ያን ዕለት በርበሬዋ ተደልዞ፣ ተወቅጦ፣ ከወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወንፊቷን ይዛ ትነፋለች። እና ያ ጠዋት ሙሉ ያልነበረው ንፋስ ከሐኪም ጋራ፣ ከከተማዋ በላይ ካለው ተራራ፣ ተነሥቶ መጣ። መጀመሪያ የሰማሁት የሙሜን ማስነጠስ ነው። ሰባት ጊዜ አስነጠሰ፤ ቀለም መርጫው እጁ ላይ ነው፤ ባስነጠሰ ቁጥር አንድ አንድ ጊዜ ጭር፣ ጭር ያደርገዋል፤ አንዱ በመስታወቱ ላይ፣ አንዱ በዘይቱኑ ላይ፣ አንዱ በዶሮዋ ላይ። ስወጣ ያቺ እንደ ወተት የነጣች መኪና እርጥብ ገላዋ ላይ በርበሬ ለብሳ ቆማለች።

«ምነው ከዛሬ ሌላ ቀን የለም?» ብዬ ጮህኩ።

«ለሁለት ወር ሌላ ቀን ስጠብቅ አልነበረም እንዴ!» አለች እሷም እያስነጠሰች።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ግን ሳልቸኩልም ለቀምኩ። እንደገና መፋቅ፤ አሁን ደግሞ በርበሬ ያለበትን መፋቅ፤ ዓይኔን ባሸሁ ቁጥር አለቅሳለሁ፤ ሰዉ ለአባቴ የማለቅስ እየመሰለው «አይዞህ» ይለኛል።

ሞተሩም እምቢ አለ። ሙሜ ያስጠራው መካኒክ ውስጧን ፈትቶ፣ አጥቦ፣ ገጥሞ፣ «ምንም የላትም፤ መነሣት ነበረባት» ብሎ ሄደ። አትነሣም። ኅዳር አለቀ፤ ታኅሣሥ ገባ። እማዬ ነጠላዋን አውጥታ አጥባ ገመድ ላይ ሰቀለች። ያቺ ነጠላ በየቀኑ ግቢው ውስጥ ትውለበለባለች። እሷን ባየሁ ቁጥር ቁልፉን ይዤ ወደ መኪናዋ እሮጣለሁ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥቼ ቁልፉን ባዞር እህ፣ እህ፣ እህ ብላ ቀጥ አለች። መሬቱ ላይ ዘፍ አልኩ። ሙሜ አለ፣ ጋሽ ወርቁ አሉ፣ ሰናይት አለች፣ እማዬ በረንዳው ላይ አለች።

«በቃ እኔ አልቻልኩም!» አልኩ። «ሰው የሚችለውን አደረግሁ። ከዚህ በኋላ ተሳሉልኝ! ሁላችሁም ተሳሉ! እማዬ አንቺም ተሳይ! ምንም ይሁን ምን ስለትሽን እኔ አስገባዋለሁ!»

«ምንም ይሁን ምን?» አለች እማዬ።

«ምንም ይሁን ምን!»

«ሰምታችኋል» አለች ወደነሱ ዞራ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

በማግሥቱ ጉዱ ፈላ። መጀመሪያ ሰናይት ጠዋት ሸሚዝ እየተኮሰችልኝ፣ «እኔም ተስያለሁ» አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ጃንጥላ ይሆናል ብዬ። «መኪናዋ ከተነሣች የማኅበሬን ሴቶች በሙሉ ለሐምሌ ቁልቢ እወስዳለሁ ብያለሁ።»

«በምን ትወስጃቸዋለሽ?»

«በመኪናዋ ነዋ።»

የተኮሰችልኝን ሸሚዝ ተቀብዬ ለበስኩ። የገዛ ሚስቴ ናት። ወደ ግቢ ስወጣ ሙሜ ፊቱ በርቶ ጠበቀኝ።

«ወንድሜ፣ አብሽር! ለአንተ ብዬ ትናንት ሐኪም ጋራ ወጥቼ ተስያለሁ። ይቺ መኪና ከተነሣች የሰፈራችንን ሽማግሌዎች በሙሉ ለዚያራ፣ እላይ ያለውን የወሊ መቃብር እንዲጎበኙ፣ ጭኜ ተራራውን አወጣቸዋለሁ። ስኳሩንም፣ ከበሮውንም።»

«በማን መኪና?»

«በዚችው።»

«ይቺ መኪና የማን ናት?»

ሙሜ ትንሽ አሰበ። «የአላህ ናት» አለኝ።

ምን ትሉታላችሁ? ሐሰት ነው አይባል! ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ቲማቲም ሻጯ ከሩቅ ጠራችኝ። እሷም ተስላልኛለች። መኪናዋ ከተነሣች ቲማቲሟን በሷ ልታመላልስ ነው፤ ስለት ይሁን የሥራ ዕቅድ እንጃ፤ ብቻ ገብርኤልን ጠርታበታለች። ትምህርት ቤት የአስተዳደሩ ጸሐፊ… ይቅር፣ ይቅር። ከሰዓት ስመለስ በሩን በእግሬ ብርግድ አድርጌ ገባሁ፤ ደሜ ፈልቷል።

«ስሙ!» አልኩ ግቢው መሃል ቆሜ። «በሰው ምድር ልጇን ትድር አሉ! ፋቂው እኔ፣ ዓይኔ በበርበሬ የነደደው እኔ፣ አሻራዬ የጠፋው እኔ! ስለት ሲሆን ግን ሁሉም በኔ መኪና! ሰው በራሱ ነው የሚሳለው! በራሳችሁ ዶሮ ተሳሉ! በራሳችሁ በግ ተሳሉ! የራሳችሁ በሆነው! የሰው ንብረት ለገብርኤል ቢሰጡት ይቀበላል እንዴ?»

ከበረንዳው እማዬ ራሷን ነቀነቀች። «ልጄ ልክ ነው» አለች። «ሰው በራሱ ነው የሚሳለው።»

ቢያንስ አንድ ሰው ገባው ብዬ ተነፈስኩ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። «ለመሆኑ አንቺ ምን ተሳልሽ?»

«ስለት ይነገራል?» አለችና የሻይ ማንቆርቆሪያውን ከደነች።

በዚህ ሁሉ መሃል ጋሽ ወርቁን ማንም ልብ አላላቸውም። ሰውየው ከስተዋል። ቀለም ሦስተኛ ጊዜ ተቀብቶ፣ በርበሬም ፍሊትም ሳይነካው ደርቆ፣ መኪናዋ እንደ አዲስ ስታበራ፣ ሁሉም ሲደሰት እሳቸው «ሞተሩ ካልሠራ ቀለም ምን ያደርጋል» ይላሉ። «አሮጌ ነገር ማስነሣት ጥሩ አይደለም» ይላሉ። ሲጋራቸውን ግን ድሮ እንደሚያጨሱት አያጨሱትም፤ እያንዳንዷን እስከ ቂጧ፣ ጣታቸው እስኪቃጠል፣ የመጨረሻዬ ናት እንደሚል ሰው ነው የሚስቧት።

ታኅሣሥ አሥራ ሰባት ቀን፣ ጠዋት፣ እኔ ተስፋ ቆርጬ ሚኒባስ ልለምን ልወጣ ስል፣ እማዬ ከገመዱ ላይ ነጠላዋን አውርዳ ጉልበቷ ላይ እያጣጠፈች ነው። ቀስ ብላ፣ ጠርዙን ከጠርዙ እያገጠመች። ጋሽ ወርቁ በሩ ላይ ቆመው ያይዋታል። አዩዋት፣ አዩዋት፣ ከዚያ ኮታቸው ኪስ ውስጥ እጃቸውን ከተቱና አንድ ጥቁር ገመድ አወጡ። የካንዴላ ገመድ! ያ ለሞተሩ እሳት የሚያደርሰው ዋናው ገመድ!

«ሦስት ሳምንት ኪሴ ውስጥ ነው ያለው» አሉ። «ውስጡ የተቆረጠ ገመድ አስገብቼ ያንን አወጣሁት። ሲጋራውን እንዴት ብዬ ልተው? ግን እሷን እያየሁ… በላይነሽን እያየሁ አልቻልኩም። ይቅር በሉኝ።» በላይነሽ እማዬ ናት።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ሦስት ሳምንት እኮ ነው! እማዬ በዓይኗ ገሠጸችኝና ዘጋሁት። ሙሜ ገመዱን ገጠመ። ቁልፉን አዞርኩ። አንዴ እህ አለች፣ ከዚያ ያ የማውቀው ድምፅ፣ ልጅ ሆኜ ማታ ማታ አባቴ መጣ የምልበት ድምፅ ግቢውን ሞላው። ሰናይት እልል አለች። ዶሮዋ ግንብ ዘለለች። እኔ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ በዚህ ጊዜ በርበሬ አልነበረበትም። ጋሽ ወርቁ ፓኮዋቸውን ከነሲጋራው መሬት ላይ ጥለው በጫማቸው ረገጧት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያላስቀየሙት ሰው፣ ያልተጣሉት ድመት የለም።

በማግሥቱ ተነሣን። እማዬ ፊት፣ እግሯን ዘርግታ፤ ከኋላ ሰናይት፣ ቅርንፉድ የሚያኝኩት ጋሽ ወርቁና፣ «መኪናዋን ለብቻዋ አልለቃትም» ያለው ሙሜ። አወዳይን አለፍን፣ ሐረማያን አለፍን። ከዚያ በኋላ መንገዱ ዳርና ዳር በእግሩ በሚሄድ ተሳላሚ ተሞላ።

«አቁም» አለች እማዬ። አንዲት አሮጊት ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ጫንናት። ትንሽ እንደሄድን፣ «አቁም»። ሽማግሌ። «አቁም»። እናት ከነሕፃኗ። ቁልቢ ስንደርስ ስንት ሆነን እንደነበር አልቆጠርኩም፤ እኔ የማየው ያን ሁሉ ወር የፋቅሁትን በር እየተደገፈ የሚወጣውንና የሚወርደውን እጅ ብቻ ነው። «ቀለሙን! ቀለሙን እባካችሁ!» እላለሁ፤ «እግዜር ይስጥልን» ይሉኛል።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ደጁን ስመን፣ እማዬ በኔ ትከሻ ተደግፋ ስለት ወደሚገባበት ተሰለፍን። ፊታችን ያለው ሰው በግ ይጎትታል፤ ከሱ ፊት ያለችው ምንጣፍ ተሸክማለች። የእማዬን እጅ አየሁት። ባዶ ነው። ተራችን ሊደርስ ሲል እጇን ወደኔ ዘረጋች።

«ቁልፉን አምጣ።»

«የምን ቁልፍ?»

«የመኪናውን።»

እናንተዬ! «እማዬ… መኪናዋን ነው የተሳልሽው?»

«ቁልፉን አምጣ አልኩህ።»

«ምንም ይሁን ምን አስገባዋለሁ ብለሃል» አሉ ጋሽ ወርቁ ከኋላዬ። ሲጋራ ያቆመ ሰው ርኅራኄ የለውም። «እኔ ምስክር ነኝ። ሙሜም ሰምቷል።» ሙሜ መሬት መሬት እያየ «ሰምቻለሁ፣ ወላሂ» አለ።

የት ልግባ? ዶሮ ያስፈለፈልኩባት፣ በርበሬ የለቀምኩባት፣ ያባቴ ድምፅ ያለባት መኪና! አሥራ አንድ ዓመት ዞሬ ሳላያት ኖሬ፣ ገና ማየት ስጀምር! በእናቴ ላይ ተናድጄ አላውቅም፤ ያን ቀን ተናደድኩ። በገብርኤል ደጅ ግን ቃል አይታጠፍም። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ እጇ ላይ ስጥለው እንባዬ አብሮ ወረደ፤ የተሰለፈው ሰው ሁሉ አየኝ፤ ይየኝ!

ስለት የሚቀበሉት ቄስ ቁልፉን አዩ፣ እሷን አዩ። «ስለትዎ ምንድን ነው እናቴ?»

«እሱ ነው» አለች። የእማዬ ጣት ወደ መኪናዋ አላመለከተም። ወደኔ ነው።

«ምን?» አልኩ።

«መኪናውማ ያንተ ነው። በሰው ንብረት እሳላለሁ እንዴ? ግቢው መሃል ቆመህ ስትጮህ አልነበር? ሰው በራሱ ነው የሚሳለው። እኔም በራሴ ተሳልኩ። በወለድኩት።» ከዚያ ወደ ቄሱ ዞረች። «አባ፣ አባቱ እንዳደረገው በዓመት ሁለቴ፣ በእግሩ መምጣት ያቃተውን ሁሉ ጭኖ ይመጣል። ቁልፉን ያመጣሁት ጠበል እንዲረጩልኝ ነው።»

ቄሱ ቁልፉን ረጩት። ከዚያ፣ ሳልጠየቅ፣ እኔንም ረጩኝ። ታኅሣሥ ነው፤ ቁልቢ ደጋ ነው፤ ውሃው እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ልነግራችሁ አልችልም።

በማግሥቱ ንግሡ አልቆ፣ እስኪመሽ ሳንጠብቅ ተነሥተን ስንመለስ እስከ ደንገጎ ድረስ ታገሥኩ። ከዚያ ግን አልቻልኩም። «ቢያንስ አትጠይቂኝም?» አልኳት። «ሰው እኮ ነኝ! በግ ነኝ? ምንጣፍ ነኝ? ሰው ሳይጠየቅ እንዴት ለስለት ይሰጣል?»

እማዬ እግሯን ዘርግታ መንገዱን ታያለች። «አባትህ ከሞተ» አለች ቀስ ብላ፣ «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማንንም የትም አላደረስክም።»

መልስ ፈለግሁ። ፍረዱኝ ብዬ የጀመርኩላችሁ ሰው መልስ አጣሁ። እስከ ዛሬም እየፈለግሁ ነው፤ ሳገኝ እነግራታለሁ።

«ሐኪም ጋራ የምንወጣው ሐሙስ ነው፣ ኢንሻአላህ» አለ ሙሜ ከኋላ። ሰናይት የማኅበሯን ሴቶች በጣቷ ትቆጥራለች። ጋሽ ወርቁ መስኮቱ ለምን ተከፈተ ብለው ከሰውም ሰው ካልሆነም ይጣላሉ። መንገድ ላይ የጫንናት አሮጊት፣ ስሟን እንኳ የማላውቃት፣ ከኋላ ወንበር ጎንበስ ብላ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።

«ልጄ፣ ለሐምሌ ቦታ ይኖራል?»

አፌን ከፈትኩ።

«አለ» አለች እማዬ።